ከመጋረጃ ጀርባ ማን ይቁም?

መስከረም 24

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ካለህበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ የሰው ፍቅሩን አብዝቶ ይስጥህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት። ዓይኗ ብቻ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ አሁን ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ። ስጨርስ «ድገሚው» ትለኛለች፤ እደግመዋለሁ። ሰልችቶኝ አንድ ሁለት ቃል ከራሴ ከጨመርኩ ደግሞ «ይኼ ቅድም አልነበረም» ብላ እጅ ከፍንጅ ትይዘኛለች።

ዛሬ የጻፍኩልህ ለሥራ ጉዳይ ነው። ቴአትር ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ አምስት ተማሪዎች አሉኝ፤ አሥራ አምስቱም ተዋናይ ሊሆኑ ነው የመጡት። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮው ጠርቶኝ፣ «በትወና የሚቀጥሉት አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት መብራት፣ አልባሳት፣ የመድረክ ግንባታ፣ ማስተባበር፣ የፈለጉትን ይምረጡ። ቴአትር ቤቶቹ ተዋናይ ጠግበዋል፤ የጠፋው አምፖል የሚቀይር ሰው ነው» አለኝ። ውሸት አላለም። ግን ለልጆቹ ስነግራቸው ክፍሉ ሬሳ የወጣበት ቤት መሰለ።

«እሺ፣ ከመጋረጃ ጀርባ መሥራት የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም። እዚያ ጥግ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ ብቻ፣ «እትዬ፣ ይኼን ቁመት ከየትኛው መጋረጃ ጀርባ ልትደብቂው ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ወደ አንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። አንተ በሰው አገር መድረክ የቆምክ ተዋናይ ነህ። ከጀርባህ ስለሚሠሩት ሰዎች ለልጆቹ አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ። እኔ ስነግራቸው የተሸነፈ ሰው ማጽናኛ ይመስላቸዋል። ጭብጨባ የጠገበ ሰው ሲነግራቸው ግን ሌላ ነው።

እናትህ «ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው የሚጫወተው?» ብላሃለች። አምና ዳኛ ሆንኩ ብለህ የላክህላትን ፎቶ ለሰው ሁሉ ስላሳየች፣ ሰፈሩ «የዳኛው እናት» ይላታል። አንዷማ የመሬት ክርክሯን ይዛ መጥታ ነበር።

የአጎትህ ልጅ

---

ጥቅምት 30

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ፤

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ሆዴ ባባ። ጤና ይስጥሽ፤ ድካምሽ ፍሬ ይኑረው፤ የምታስተምሪያቸው ልጆች ወግ ማዕረጋቸውን አይተሽ የምትደሰቺባቸው ይሁኑ። እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ለልጆቹ ይህን አንብቢላቸው።

ልጆች፣ እዚህ ቴአትር ቤት ስምንት ተዋንያን ወጥተው እጅ ሲነሱ፣ ከኋላ ሠላሳ አንድ ሰው አለ። ቆጥሬያቸዋለሁ። የመድረክ አስተባባሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም። በመድረኩ ጎን ትንሽ መብራት አብርታ፣ ድርሰቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ትቀመጣለች። እሷ «ሂድ» ካላለች ፀሐይ አትወጣም፣ በር አይንኳኳም፣ ሊሞት የተዘጋጀውም ሰውዬ አይሞትም። አንድ ጊዜ በልምምድ ላይ ዋናው ተዋናይ «ሰው የሚመጣው እኔን ለማየት ነው» ብሎ ቢያናድዳት፣ መብራቱን በሙሉ አስጠፍታ «በል እንግዲህ ታይ» አለችው።

የአልባሳቱ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈሩ ስለሚይዝ፣ ሲያናግሩት የሚመልሰው በቅንድቡ ነው። አንዲትን ሙሽራ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ሐዘንተኛ አድርጎ ወደ መድረክ ይመልሳታል። ቁልፍ አይቆልፍም፤ ቁልፍ አስመስሎ በውስጥ በኩል ማጣበቂያ ሰፍቶበታል። ይህን የሚያውቁት እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ከዚያ የገመድ ሰዎች አሉ። ከመድረኩ በላይ ተመልካቹ የማያየው ሌላ ፎቅ አለ። ቤቱ፣ ዛፉ፣ ሰማዩ ሁሉ እዚያ ተሰቅሎ ተራውን ይጠብቃል። በጎን ግድግዳው ላይ አርባ ሁለት ገመዶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ከሚያወርደው ነገር ጋር እኩል የሚመዝን ብረት ታስሮለታል። ብረቱ ከጎደለ ሰማዩ ሰው አናት ላይ ይመጣል። ስለዚህ የገመድ ሰው ብረቱን ሦስት ጊዜ ይቆጥራል፤ ሁለት ጊዜ የቆጠረ ቀን እንቅልፍ አይወስደውም። ጓንት አያደርጉም። ገመዱ መሸሽ ሲጀምር ቀድሞ የሚያውቀው መዳፍ ነው።

ሰማዩን ቶሎ ካወረድከው ይወድቃል እንጂ አይመሽም። ከተዋናዩ ትንፋሽ ጋር፣ ቀስ ብለህ ካወረድከው ግን ይመሻል። ተመልካቹ ሳያውቀው ኮቱን ይደርባል። በራስህ እጅ ለአንድ ሺህ ሰው ብርድ አሰምተህ፣ ማንም ያደረግከው አንተ መሆንህን ሳያውቅ ቆመህ ታያቸዋለህ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር መድረክ ላይ የለም።

እህቴ፣ ይህ ይበቃቸዋል። ለእማዬ ዘንድሮ የመርከብ አዛዥ ነኝ በያት።

የአክስትሽ ልጅ

---

ኅዳር 20

ለወንድሜ፤

እጅህ ይባረክ፤ ቤትህ ይሙላ፤ የለመንከው ሁሉ ይሳካልህ። ደብዳቤህን ያነበብኩት በልምምድ አዳራሹ ነው፤ ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጬ። ስለ አስተባባሪዋ ስደርስ ሳቁ። ሰማዩ ጋ ስደርስ ግን ሁሉም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «አሁንስ?» አልኩ። ስድስት እጅ ወጣ! ረጅሙ ልጅ መብራት መርጧል፤ «እኔ መሰላል አያስፈልገኝም» አለ።

ከስድስቱ እጆች አንዱ ግን ራት አስጥሎኛል። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ጓደኞቿ «ደወል» ይሏታል። በሹክሹክታ ስታወራ ድምፅዋ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሄዳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሷ ያለ አልገጠመኝም። ከአራቱ የትወና ቦታዎች የመጀመሪያውን ለእሷ ቀን ሳልቆጥር ነው የሰጠሁት። እሷ ደግሞ እጇን አወጣች። ገመድ!

ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቃ መጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? አትቆጪኝም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ይኼ ሰውዬ ተዋናይ አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ የኖረ ሰው እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምንድነው ሁሉን ነገር ከጎን የሚያየው? አንድ ቦታ እንኳ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አላዞረም። ደግሞ ይኼን እይው» ብላ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ጓንት «አያደርጉም» ያልክበት ቦታ፣ ከሥሩ ሌላ ቃል ተሰርዟል። «አናደርግም» ይላል።

ሳቅኩባት። «ሂጂ ወደ ልምምድሽ» አልኳት። ቤት ገብቼ ግን ወረቀቱን እኔም ወደ መስኮቱ ይዤው ቆምኩ።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ ልጅቷ እንደተሳሳተች ጻፍልኝና ልረፍ። ሁለተኛ፣ በትወናው እንድትቀጥል ምከራት። አንተ ያልካትን ትሰማለች፤ ደብዳቤህን በእጇ ገልብጣ ይዛ ነው የምትዞረው። እኔ ስነግራት ጣሪያውን ታያለች።

የአጎትህ ልጅ

---

ጥር 8

ለወንድሜ፤

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ደብዳቤዬ አልደረሰህ ይሆን ብዬ ነው። እናትህ በር በተንኳኳ ቁጥር «ፖስታ ነው?» ትላለች። የመርከቡ ነገር ከምን እንደደረሰ ማወቅ ትፈልጋለች።

የአጎትህ ልጅ

---

ጥር 29

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ እማዬን እድሜ ከጤና ይስጣት፤ ቤታችሁ ከሰው አይጉደል። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳታነቢላት።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። የገመድ ሰው ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ምንም ሆኜ አላውቅም።

እንደመጣሁ በትምህርት ቤቱ ትርኢት አንድ ትንሽ ሚና ሰጥተውኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር። ቋንቋውን አጥንቼዋለሁ፤ ሰበብ አላደርገውም። ግን መድረኩ ላይ ስወጣ የሚያየኝን ሰው ሁሉ ጠላሁት። ዓረፍተ ነገሮቹ ከአፌ አልወጣ አሉኝ። አንዴ ሳይሆን በየቀኑ። በሰባተኛው ወር አስተማሪው «ለጊዜው እዚህ አግዝ» ብሎ ከገመዶቹ ጋር አቆመኝ። ገመዱን ስይዝ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ለጊዜው የተባልኩት ይኸው እስከ ዛሬ ነው።

ለእማዬ «እየተጫወትኩ ነው» ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ እውነት ነበር። ሁለተኛው ቅጥፈት ነው፤ ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። የዳኛው ካባ የሌላ ሰው ነው። የአልባሳቱ ሰውዬ ለአምስት ደቂቃ አውሶኝ ነው ፎቶ የተነሳሁት፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ይመጣል፤ ልብ ብለሽ እይው።

በሥራዬ አላፍርም። ለልጆቹ የጻፍኩት አንዱም ማጋነን የለበትም። ያሳፈረኝ መዋሸቴ ነው። ልጅቷን ግን ተያት። እጇ ወደ ገመድ ከሄደ፣ ይሂድ።

ለእማዬ አትንገሪያት። በምታምኚው።

የአክስትሽ ልጅ

---

የካቲት 18

ለአክስቴ ልጅ፤

ደህና ነህ? ደህና ነኝ።

«ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳታነቢላት» የሚለውን የት ላይ እንደጻፍከው ታውቃለህ? ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ፖስታውን የከፈትኩት እናትህ ፊት ነው፤ እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። «ቤታችሁ ከሰው አይጉደል» ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አሜን» አለች። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ።

«ከዚያስ?» አለች።

ወረቀቱን አላጠፍኩትም። ዓይኔን ከመስመር መስመር እያራመድኩ፣ ገጽ እየገለበጥኩ፣ የሌለ ደብዳቤ አነበብኩላት። መርከቡን አስወጣሁት። ማዕበል አስነሳሁ። መርከበኞቹ ሲያለቅሱ አንተ መሪውን ይዘህ ብቻህን ቆምክ። ድምፄን ያንተ አደረግኩት፤ እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ፣ «ልጆቼ፣ እኔ መጨረሻ ነው የምወርደው» አልኩ። እናትህ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውሃው ልብሱን አላበሰበሰውም?» አለችኝ።

«በቴአትር ውሃ የለም አክስቴ።»

«እህ፣ እግዜር ይመስገን።»

እንባዋን ጠረገች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን «ድገሚው» አላለችኝም። አንድም ጊዜ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጠይቃትም አልደፍርም።

ወጥቼ ግቢው በር ላይ ቁጭ አልኩ። መድረክን ከተውኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ያን ቀን ለአንዲት ዓይኗ ለደከመ ሴት ተጫወትኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ተጫውቼ አላውቅም። ያስጨከነኝ ይኼ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

ለቴአትር ትምህርት አንድ ሰው ብቻ ወደ ውጭ በሚልኩበት፣ ሁለታችን በተፈተንነው ፈተና አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። የስም ዝርዝሩ ሳይለጠፍ ነው የሰማሁት። በማግስቱ ልብስ እያጠብኩ እናትህ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ሸሚዝ አንስታ አብራኝ ማጠብ ጀመረች። «አንቺ ብርቱ ነሽ፣ የትም አትወድቂም» አለችኝ። «እሱ ግን እዚህ ከቀረ ይባክንብኛል። ሌላ ልጅ የለኝም።» አዘዘችኝ ልበል? አላዘዘችኝም። ለመነችኝ። ሸሚዙን ሦስት ጊዜ አጥባ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው። «ታምሜያለሁ» ብዬ ቀረሁ። ሁለተኛው አንተ ነበርክ።

ቦታዋ የኔ ነበረች። ሰባት ወር! ሰባት ወር ነው የቆምክባት። እኔ እዚህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አፍ ሳስፈታ፣ «ቢያንስ እሱ እየተጫወተልኝ ነው» እል ነበር። «እየተጫወተልኝ» ነበር የምለው፤ ሰማህ?

ስለ ልጅቷ አትምከረኝ።

የአጎትህ ልጅ

---

መጋቢት 12

ለእህቴ፤

በምን አፌ ልመርቅሽ? ግን ጤና ይስጥሽ። ከልቤ ነው።

አውቅ ነበር።

ሻንጣዬን ስታዘጋጅልኝ እማዬ ነገረችኝ። «ይቺ ልጅ ያንተን ዕድል ሳይሆን የራሷን ነው የሰጠችህ፤ አደራ፣ አታሳፍራት» አለችኝ። በሩ ላይ ስንሰነባበት ዓይንሽን ያላየሁት ለዚህ ነው። አንቺ በመለያየታችን የከፋኝ መስሎሽ «ደግሞ ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ» ብለሽ በቀልድ ትከሻዬን መታሽኝ።

አሁን አስቢው። በሰባተኛው ወር ምን ብዬ ልጻፍልሽ? «እህቴ፣ የሰጠሽኝን ጣልኩት» ልበል? ትቼ ልምጣ ብዬ አሰብኩ፤ ከመጣሁም ያው ነው፣ ቦታዋ ለሌላ አትሰጥም ነበር። ስለዚህ ለአንቺ ስል ተዋናይ ሆንኩ። በወረቀት ላይ። የምዋሸው ለእማዬ ይመስልሽ ነበር፤ ደብዳቤው አንቺም እጅ እንደሚገባ ግን ዓይኗ ከመድከሙ በፊትም አውቅ ነበር።

ይቅርታ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ ቀላል ነገር ነው። በምትኩ አንድ ነገር አድርጌያለሁ።

ቴአትር ቤታችን በየዓመቱ ከውጭ አንድ ተለማማጅ ይቀበላል፤ ለመድረክ ሥራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወጪውን ችሎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገመዶቹ ሊነሱና በሞተር ሊተኩ ነው፤ ስለዚህ በገመድ የሚሠለጥን ሰው ሲወሰድ ዘንድሮ የመጨረሻው ነው። ልጅቷ በወረቀቱ ላይ ያየችውን፣ የተሰረዘውን ቃል ለአስተባባሪዋ ነገርኳት። «እንዲህ ያለ ዓይን ያላት ሰው አምጣልኝ» አለችኝ። ቅጹ አብሮ አለ። የሚያስፈልገው የልጅቷና የአንቺ ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ሚያዝያ 20 እዚህ መድረስ አለበት።

እባክሽ። ይህን አንዱን ነገር አድርጊልኝ።

የአክስትሽ ልጅ

---

ሚያዝያ 24

ለእህቴ፤

ወረቀቱ አልደረሰም። ትምህርት ቤታችሁ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩ፤ ጸሐፊዋ ሁለቴም «ክፍል ውስጥ ናት» አለችኝ። አስተባባሪዋን ለምኜ አራት ቀን አስጨምሬ ነበር፤ እሱም ዛሬ አለቀ። ቦታውን ለሌላ ሰጡት። መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ንገሪኝ። ጠፍቶ ነው፣ አይደል?

---

ግንቦት 19

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

ሰላም ይብዛልህ፤ ዕድሜህ ይርዘም፤ ከሥራህ ደግ ነገር አይለይህ። ይህን ምርቃት ከኔ ለመቀበል ደስ ላይልህ ይችላል፤ ቢሆንም ተቀበለኝ።

አልጠፋም። መጋቢት 26 ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፈተና ወረቀቶቹ ሥር ነበር። በየማለዳው መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣለሁ፣ እዘጋለሁ። «ነገ» እያልኩ። ሚያዝያ 20 ሲያልፍ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ቀለለኝ።

ልጅቷን የዓመቱ ማጠቃለያ ትርኢት ላይ ዋናዋን ተዋናይ አድርጌያት ነበር። አልፈልግም ብላ ነበር፤ «ከዚህ በኋላ ገመድሽን ትስቢያለሽ፤ ይኼን ብቻ» ብዬ አግባብቼ አስገባኋት። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሆና ሰው ሲነሳላት ብታይ ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ነው። ትርኢቱ ሚያዝያ 30 ነበር። እናትህን ይዤ ከፊት አስቀመጥኳት። አታይም፤ ግን ትሰማለች።

ልጅቷ እንዴት እንደተጫወተች እኔ አልነግርህም፤ አዳራሹ ተነሳ ልበልህ። ዳይሬክተሩ ሳይቀር። እናትህ እጄን ያዘችኝና፣ «ድምፅሽን ሰማሁት» አለችኝ። «የእሷ ነው እኮ አክስቴ» አልኳት። «አይ፣ ያንቺን ነው የሰማሁት፤ ያኔ የነበረውን» አለችና ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀቻቸው።  ስለዚያ ነገር በሃያ ሁለት ዓመት የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

ሕዝቡ እያጨበጨበ ልጅቷ አንድ ጊዜ አጎንብሳ ወጣች። ሁለተኛ ትውጣ ብለው ቢጮሁ አልወጣችም። ልፈልጋት ከጀርባ ሄድኩ። የመድረኩን ልብስ እንደለበሰች፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ከረጅሙ ልጅ ጋር የመጋረጃውን ገመድ እየጠቀለለች ነበር። «እትዬ፣ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ መጋረጃው ዘግይቷል፤ አየሽው?» አለችኝ። እኔ አላየሁም። ስለ ጭብጨባው አላነሳችም።

በማግስቱ የአልባሳት ክፍል ውስጥ ልብሶቹን ለብቻዬ አጥፌ ስጨርስ ጠራኋት። መሳቢያውን ባዶ አድርጌ ቅጹን ይዤ መጥቼ ነበር። ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። 

«ቀኑ አልፏል» አለች።

«አዎ።»

«መቼ ነው የደረሰሽ?»

«መጋቢት 26።»

በጣቶቿ አልቆጠረችም፤ ግን ቀኖቹን በልቧ ስትቆጥር አየኋት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ድምፅዋ። ስለ እኔ። አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ የሚለውን ሁሉ። ማለት የቻልኩት «መድረክ ላይ እንድትሆኚ ፈልጌ ነው» ብቻ ነው። «ነበርኩ እኮ» አለችኝ። «ስታይኝ ነበር። ደስ ሲለኝ አይተሻል?»



ወረቀቱን በታጠፈበት መስመር መልሳ አጠፈችውና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይያዙት» አለችኝ።

ይያዙት። ሁለት ዓመት «እትዬ፣ አንቺ» ስትለኝ የኖረች ልጅ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ስገባ ከሁሉ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። «እንደምን አደሩ፣ መምህርት» ትለኛለች። ነውር የለበትም፤ ማንም ሰምቶ ባለጌ ሊላት አይችልም። የምትሠራውን ትሠራለች፣ የጠየቅኳትን ትመልሳለች። የዓመቱ መጨረሻ ምርጫ ላይ የሞላችው መስመር ማስተባበር ይላል። ፈርሜላታለሁ፤ በዚያኑ ቀን።

ሃያ ሁለት ዓመት እናትህን ስቀየማት ኖርኩ። እሷ ግን የሰው ልብስ አብራ እያጠበች ለምናኝ ነው፤ እምቢ ማለት እችል ነበር። እኔ ለልጅቷ እምቢ የምትልበትን ዕድል እንኳ አልሰጠኋትም።

ገመዶቹ ሳይነሱ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚታሰሩ፣ ብረቱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሰማዩ እንዴት እንደሚመሽ ቁጭ ብለህ በዝርዝር ጻፍላት። የምታውቀውን ሁሉ። ሥዕልም አድርግበት። አድራሻዋን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ የወላጆቿ ቤት ነው። በእኔ በኩል ግን አትላከው።

የአጎትህ ልጅ